ተከፋፍሎ የተረፈ ቤት
ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ አንድ የሙሾ ዜማ ይከተላል። መኳንንቱ ሠሩት፣ አዋጁ ወረሰው፣ ቀበሌው ቆራረሰው፣ ተከራዩ አበላሸው። በዚህ ሙሾ ጥፋተኛው ሁልጊዜ የመጨረሻው ነዋሪ ነው፦ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ የከፈለው፣ ከኮርኒሱ ሥር ቆጥ የሠራው፣ በረንዳውን በቆርቆሮ ዘግቶ ማዕድ ቤት ያደረገው። ይህ ዳሰሳ የሚሟገተው ለዚያ ነዋሪ ነው። ብዙዎቹን ቤቶች እስከ ዛሬ ያቆማቸው መከፋፈላቸው ነው፤ ለሽያጭ የሚቀርቡበት ቀን ቢመጣም እንደተከፋፈሉ መቅረብ ይገባቸዋል።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) የተሠራው የለንደን የከተማ ቤት ጠባብና ረጅም ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በረድፍ ይቆማል። ማዕድ ቤቱ ከታች፣ እንግዳ መቀበያው ከላይ፣ መኝታው ከዚያ በላይ ነው፤ ሁሉንም የሚያገናኘው አንድ የውስጥ ደረጃ ነው። በየቤቱ ብዙ አገልጋይ የማሳደሩ ዘመን ሲያልፍ እንዲህ ያሉ ቤቶች በየፎቁ ተከፋፈሉ፣ ደረጃውም የጋራ ሆነ። ዛሬ አንዱ ፎቅ ለገበያ ሲቀርብ ቤቱ ተዋረደ የሚል የለም። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው የ99 ወይም የ125 ዓመት የሊዝ መብት ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ ወይም ደረጃው ጥገና ሲፈልግ ባለድርሻዎቹ በውላቸው መሠረት ያዋጣሉ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርጹን መለወጥ ያስቀጣል። እዚያ መከፋፈል ማለት ለቤቱ ሁለተኛ ዕድሜ መስጠት ነው።

አዲስ አበባ፣ ቀበና ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይጀምራል። ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ለጋሲዮን በሰጡት በዚህ መሬት የቪክቶሪያ አገር ሰዎች መጀመሪያ የኖሩት በጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳን ጎጆዎች ነበር። በኋላ በበረሃ ጉዞው የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲገር እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው ከእነዚሁ ጎጆዎች በአንዱ ነው። በዚያው ዘመን የከተማዋ መኳንንትና ነጋዴዎች ከህንድና ከአርመን የመጡ ባለሙያዎችን ይዘው ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳና ጥልፍ የሚመስል የእንጨት ጌጥ ያለው ባለ ደርብ ቤት ያሠሩ ነበር። የቆርቆሮው ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ1829 በለንደን የተመዘገበ ነው። ቪክቶሪያዊው ቤት አዲስ አበባ ሲገባ እንግሊዞቹን ቀድሞ ከሐበሻው ጋር ተዛመደ ማለት ይቻላል።

ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ቤቶች መልክ ለትውልድ አቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው አድናቆት ግን ከቤቱ ፊት አላለፈም። ጌጡን እያደነቀ የቤቱን አሠራር ረስቷል። አሠራሩ የሚነበበው በበረንዳው ላይ ነው።

የአዲስ አበባው ቤት ከለንደኑ የሚለየው መተላለፊያውን ወደ ውጭ በማውጣቱ ነው። ክፍሎቹ በየራሳቸው በር ወደ በረንዳው ይከፈታሉ፤ ወደ ደርቡ የሚያወጣው ደረጃም ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል ነው። ስለዚህ አንዱ ነዋሪ የሌላውን መኝታ ሳያቋርጥ ይገባል፣ ይወጣል። ቤቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተወርሶ ለብዙ አባወራ ሲታደል ግድግዳ ማፍረስ ያላስፈለገው ለዚህ ነው፤ ከመነሻው በክፍል በክፍል ሊኖርበት የሚችል ቤት ነበር። በረንዳው ሌላም ሥራ አለው። ግድግዳው በእንጨት ማገር ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ የቆመ ነው። ወጣ ያለው ክዳን የክረምቱን ዝናብ ከምርጉ ያርቃል፤ የድንጋዩ መሠረት ደግሞ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ይከላከላል። በረንዳውን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ ሐያሲ የቤቱን ዣንጥላ አላየም።

እዚህ ላይ ተከራዮቹን የምንወቅስበትንና የማንወቅስበትን መለየት ይቻላል። በሳሎኑ መካከል የቆመው ኮምፔንሳቶ በሚስማር የተያዘ ነው፤ በግማሽ ቀን ተነቅሎ ይነሳል፣ ቤቱን የሚጎዳው ጥቂት ነው። ቆጡም እንደዚያው። የተዘጋው በረንዳ ግን እውነተኛ ጉዳት ያመጣል፦ የማዕድ ቤቱ ጢስና እንፋሎት ከውስጥ ይታፈናል፣ የእጣቢው ውኃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፣ ጣውላው ይበሰብሳል፣ የጎረቤት መንገድም ይጠፋል። የእድሳት ሥራዎቻችን ግን መጀመሪያ የሚያነሡት በቀላሉ የሚነሣውን ኮምፔንሳቶ፣ ከእሱም ጋር ነዋሪውን ነው።

የበረንዳው መዘጋት ምክንያትም ከተከራዩ ጠባይ የመጣ አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በክፍል የተከራየ አሮጌ ቤት በአብዛኛው የቀበሌ ድርሻ ሆነ። የሚሰበሰበው ኪራይ አሸንዳ እንኳ የሚያስቀይር አልነበረም። ተከራዩ ማዕድ ቤት የለውም፤ ገንዘብ አውጥቶ ቢያድስ ድካሙ የራሱ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ውል ሥር ያንን ክዳን በየክረምቱ በላስቲክና በድንጋይ ይዞ ያቆመው እሱ ነው። የቀበሌ ተከራዮች፣ ቤቱን ለክብራቸው ካሠሩት ሰዎች ይልቅ፣ የተሻሉ ባላደራዎች ነበሩ እላለሁ።

የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም መሆኑ መልካም ነው፤ ከተማዋ ግን በየአሮጌው ቤት ሙዚየም ልትከፍት አትችልም። ከዚያ ይልቅ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ልቤን ይገዛዋል። በምኒልክ ዘመን ለእንግዳ ተሠራ፣ በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎዳው፣ ተጠግኖ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። ሥራውን ያልተነጠቀ ቤት ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል። ለመኖሪያ ቤትም ሥራው መኖሪያነቱ ነው።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ መንገዱ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶች ያሉትን ሕንፃ፣ ከጋራ መጠቀሚያው ጋር፣ በሕግ ያውቀዋል። ሐሳቡ ለአዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ሲሠራበት ኖሯል። ስድስት አባወራ በሚኖርበት አሮጌ ቤት ላይ ቢተረጎም በረንዳው፣ የውጭው ደረጃና ጣሪያው የጋራ መጠቀሚያ ይሆናሉ፤ በረንዳ መዝጋትም የባለቤቶቹን ማኅበር መተዳደሪያ መጣስ ይሆናል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የደነገገው የመሬት ዘመን 99 ዓመት ነው፣ ለንደን ላይ ከተለመዱት አንዱ። የጎደለው ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ገዢ ማን ይሁን የሚለው ውሳኔ ነው። እኔ የምለው፦ በውስጡ የሚኖሩት፣ በሚችሉት ዋጋና በረጅም ጊዜ ክፍያ።

ይህ ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን የለወጠው የኮሪደር ልማት ወደ ቀበና ወንዝ ዳርቻም ደርሷል። የወንዙ መጽዳት የሚደገፍ ነው፤ አሮጌ ቤትን ባዶ አድርጎ ቀለም መቀባትን ግን ጥበቃ ብለን ማሞገሱን ብንተው ይሻላል። ከእንግዲህ የታደሰ ቤት ሲመረቅ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ከዚህ ቤት ማን ወጣ? በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያውን የሚጠግነው ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ «ሁሉም»፣ የሁለተኛው «በጀት ሲፈቀድ» ከሆነ የታደሰው ግድግዳው ብቻ ነው፤ ቤቱ ፈርሷል።