«ተመሳሳይ» የሚለው ቃል በፎረንሲክ ሪፖርት ውስጥ

የወንጀል ምርመራና የፎረንሲክ ሙያ በአገራችን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ይሰጣል፤ ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ረገድ በቅድሚያ የሚጠቀስ ነው። ተማሪው የሙያውን ጽንሰ ሐሳብ የሚቀስመው በአመዛኙ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው። ተመርቆ ወረታ ቢመደብ ግን ሪፖርቱን የሚጽፈው፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚከራከረው፣ ዳኛውም የሚፈርደው በአማርኛ ነው። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ የሚሳት ትርጉም የሰውን ነጻነት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ የቃላቱን አጠቃቀም መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ የሙያው ስም ራሱ አለ። «ፎረንሲክ» ሥሩ የላቲኑ «ፎሩም» ሲሆን፣ ይኸውም ሮማውያን ለገበያና ለሸንጎ የሚሰበሰቡበት አደባባይ ነው። ስለዚህ «የላቦራቶሪ ምርመራ» የሚለው ትርጉም መሣሪያውን እንጂ ግቡን አያሳይም። «አውጫጪኝ»ን ለመውሰድ የሚቃጣው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ ቃሉ የራሳችን ነው፣ ሥሩም «አወጣ» ነው። ነገር ግን አውጫጪኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ የአገሩን ሰው ሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪጠቁም ድረስ ያቆየ ነበር። የሚያወጣው ከሰው አፍ ስም ነው፤ ፎረንሲክ ግን ቁስን ያናግራል። እንግዲህ «ፎረንሲክ» እንዳለ ቢቀር ይሻላል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን «ተመሳሳይ» ነው። ይህ ቃል በዕለት ንግግር «የሚመስል» ማለትም ነው፣ «አንድ የሆነ» ማለትም ነው። «አንድ ዓይነት» የሚለውም ከዚሁ አያመልጥም። በቤት ውስጥ ንግግር ጉዳት የለውም። በችሎት ፊት ግን እጅግ አደገኛ ነው።

የፎገራን ሜዳ እናስብ። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ ጥቁር አፈሩም ዛሬ በሩዝ ይታወቃል። ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ የረገጠውን ሁሉ ይቀርጻል። በዚያ አገር ከብቱ ዝነኛ ነው፤ ላሙ የጠፋችበት ገበሬም ኮቴ ተከትሎ ሲፈልግ «የላም ኮቴ ነው» ከማለት ወደ «የላሜ ኮቴ ነው» የሚሻገረው በአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ ነው። ያችን ለውጥ ግን በዋዛ አያደርጋትም፤ የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ሰኮና ማየት ይሻል።

አሁን በዚያው ጭቃ ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ ተገኘ እንበል። ኮንጎ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከአንድ ቅርጽ የወጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ሶል አላቸው። መርማሪው «ዱካው ከተጠርጣሪው ጫማ ጋር ተመሳሳይ ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን አለ? አንዱ አንባቢ «ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚጫማው ዓይነት ነው» ብሎ ይረዳል፤ ሌላው «የዚህ ሰው ጫማ ነው» ይላል። በሁለቱ መካከል የእስር ዓመታት አሉ።

መፍትሔው ከሰዋስው መጽሐፋችን ሩቅ አይደለም። የወል ስምና የተጸውዖ ስም ብለን እንደምንለይ ሁሉ፣ ከቅርጽ ማውጫው የመጣው «የወል ምልክት» ይባል። «የተጸውዖ ምልክት» ግን ለፖሊስ ጣቢያ ይከብዳል፤ ሕዝቡ የለመደው «ልዩ ምልክት» ይበቃል። ይኸውም በአለባበስ የመጣ መበላት፣ እሾህ የወጋው ቀዳዳ፣ የተቆረጠ ጠርዝ ነው። ሪፖርቱም «በወል ምልክት ይገጥማል፤ ልዩ ምልክት አልተገኘም» ቢል ዳኛው የማስረጃውን ክብደት ያውቃል። የወል ምልክቱ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ «የዚህ ጫማ አይደለም» ማለት ይቻላል። ይህ ሙያ ይበልጥ ደፍሮ የሚናገረው ሲያስተባብል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

«መረጃ» እና «ማስረጃ»ም እየተቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው እኛ የምንረዳበት፣ ሁለተኛው ሌላውን የምናስረዳበት ነው፤ «የፎረንሲክ መረጃ» የሚሉ ጸሐፊዎች የአስደራጊነቱን «አስ» ጥለውታል።

ልማድ ከሥር ሰዷል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብብን ይችላል። የ1949 ዓ.ም. «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ግን በ1996 ዓ.ም. «የወንጀል ሕግ» ተብሏል፤ ሰውየውን ከርእሱ ያወጣው ሕግ አውጪ ከቻለ፣ «ተመሳሳይ»ን ከሪፖርት ቅጹ ማውጣት ለመምህራኑና ለተርጓሚዎቹ የሚያዳግት አይመስለንም።