«የዘይት ፍጆታ» የተሰኘው ስያሜ ሲመረመር

የቤት አውቶሞቢሎችን በሚመለከቱ የሙያ ትርጉሞች ውስጥ «የዘይት ፍጆታ» የሚል ስያሜ ያጋጥመናል። የተቀረጸው «የነዳጅ ፍጆታ»ን አርኣያ በማድረግ ይመስላል። ሆኖም ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች አቻ አይደሉም። ነዳጅ የሚቀዳው ተቃጥሎ እንዲያልቅ ነውና ፍጆታ አለው። የሞተር ዘይት ግን ተፋታጊ አካላትን እንዲያለሰልስ፣ ሙቀት እንዲያበርድና እድፍ እንዲያጥብ የሚቀዳ እንጂ እንዲቃጠል የታሰበ አይደለም። አርጅቶ የሚለወጠውን ነገር «ፍጆታ» ስንለው ጉድለቱን እንደ ደንብ እናስቆጥረዋለን።

በእርግጥ ከጤነኛ ሞተርም ጥቂት ዘይት ይጎድላል፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ይቃጠላልና። ስለዚህ ደንበኛውን ከብልሽቱ የሚለየው መጠኑ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር የቶዮታ ካምሪ አውቶሞቢሎች ምሳሌ ይሆኑናል። በእነዚህ ሞተሮች የፒስተኑ ዘይት ጠራጊ ቀለበቶች በጥቀርሻ ሲያዙ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ክፍል ያልፍ ነበር። አምራቹ በ2010ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ዋስትናውን ሲያራዝም ወሰን አበጀ፤ ይኸውም በ1,200 ማይል (1,930 ኪ.ሜ. ያህል) ከ1 ኳርት (0.95 ሊትር ያህል) በላይ ከጎደለ ብልሽት ነው የሚል ነው። እንግሊዝኛው ደንቡንም ብልሽቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ልዩነቱን ለቁጥሩ ትቶታል። ይህን ድክመት ወደ አማርኛ የምናሻግርበት ምክንያት አይታየንም።

የጋራዥ አማርኛ ጉዳዩን አስቀድሞ ለይቶታል። ባለሙያው የመለኪያውን ዘንግ መዝዞ ሲመለከት «ዘይት ጎድሏል» ይላል። ከመኪናው ሥር ጠብታ ካገኘ «ያፈሳል»፣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ካየ «ያቃጥላል» ይላል። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ «ሞተሩ ዘይት ይበላል» ይባላል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ለመዝገበ ቃላት አይመጥንም የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን አንስማማም። «ገንዘብ በላ»፣ «አደራ በላ» እንደምንለው ሁሉ «በላ» የማይገባውን መውሰድንም ያመለክታል፤ ለብልሽቱ ከዚህ የቀረበ ግሥ አይገኝም።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመለኪያው ለሚታየው «የዘይት መጉደል»፣ ወደ ውጭ ለሚወጣው «የዘይት መፍሰስ»፣ በሞተሩ ውስጥ ለሚጠፋው «የዘይት መቃጠል» ይባል። መፍሰስ ሳይኖር ከአምራቹ ወሰን ላለፈው ደግሞ «ዘይት መብላት» ይጽና። «ፍጆታ» ለነዳጅ ይቆይ።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ባለመኪናው በመመሪያው ላይ «ፍጆታ» የሚለውን አንብቦ ቢዘናጋ፣ ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። በዋስትና ውል ላይም ብልሽት ያልተባለ ነገር ጥገና አይጠየቅበትም። ተርጓሚዎች ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ጋራዡንም እንዲያማክሩ አደራ እንላለን።