የልማድ ጥፋትና የአባት ኃላፊነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ አንባቢ በታሪኩ ላይ የሚፈርደው በጉዱ ካሣ ዓይን ነው። ይኸውም ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ያጠፋቸው ልማድ ነው የሚል ነው። ይህ አጭር ሐተታ ፍርዱ እንደገና እንዲመረመር ይጠይቃል።

አስቀድመን ፊታውራሪ መሸሻን እንመልከት። ለልጃቸው የሚላኩትን ሽማግሎች «በዘር አይመጥኑንም» በሚል ምክንያት ሲመልሱ የልጅቱ የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። ምክንያታቸው የአባቶች ወግ ነው። ነገር ግን እኒሁ ሰው ከባላገሩ ከተለመደው በላይ ግብር በፈለጉ ጊዜ ወጉን ለመጣስ አላመነቱም፤ ባላገሩም የተነሣባቸው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ልማድ ጥቅማቸውን ሲከለክል የሚዘለል አጥር፣ የልጃቸውን ዕድል ሲከለክል ግን የማይደፈር ቅጥር ሆኗል። እንዲህ ያለው ሰው ልማድን ጋሻ አድርጎ ያነገበ እንጂ የልማድ እስረኛ አይባልም።

የበዛብህ ወላጆች ነገር ከዚህ ይለያል። ትዕቢተኞች አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ። ሆኖም በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ሲሳሉት ስለቱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። የተሳሉት እነርሱ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ልጁ ሆነ።

«ልማድ ያሳደገው ሰው ከልማድ ውጭ ሊያስብ አይችልም» የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። ይህን የሚያፈርሰው ራሱ ጉዱ ካሣ ነው። የፊታውራሪ ዘመድ ነው፤ ያንኑ ወግ እያየ አደገ፤ ፍርዱ ግን ሌላ ሆነ።

ነገሩ ወደ ሕግም ያደርሰናል። መጽሐፉ ከመታተሙ ስድስት ዓመት አስቀድሞ የወጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ጠይቋል፤ ለሴቲቱ የወሰነው ዕድሜ ግን 15 ዓመት ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የፈቃዱን ነገር አጸና። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ። ደንቦቹ መልካምና አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ ደንብ የሚበዛው ወላጅ በገዛ ኅሊናው ሊፈጽመው የሚገባውን በተወ ቍጥር ነው። ሕግ አባትን «ልጅህን ያለ ፈቃድዋ አትዳር» ሊለው ይችላል፤ «የልጅህን ልብ እወቅ» ብሎ ሊያዘው ግን አይችልም።

በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ጕድለት በዚህ በኩል ነው። ደራሲው ክሱን ሁሉ ለጉዱ ካሣ አንደበት ሲሰጡ፣ ፊታውራሪን ብዙ ጊዜ መሳቂያ አድርገዋቸዋል። የሚሳቅበት ሰው ደግሞ ምሕረት አያጣም። ልማድን ብቻ ከከሰስን ልማዱ በተሻረ ማግሥት አባት ነጻ ይወጣል፤ ሕግ ብቻ ካመንን ደግሞ ሕጉ ዝም ባለበት ስፍራ ሁሉ የሚጠየቅ አይገኝም። ልጅ ግን የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ዝም በሚልበት ስፍራ ነው።