ባሮ ሲሞላና ባሮ ሲጎድል፦ የጋምቤላ የዕለት ኑሮ በጥንት ፎቶግራፎች

የአንዲት ትንሽ ከተማ የዕለት ኑሮ ፎቶግራፍ የሚባለው ሹም ሲሾም ወይም ጦር ሲዘምት የተነሣው ሳይሆን፣ ሴት ከወንዝ ውኃ ስትቀዳ፣ ተሸካሚ ጆንያ ሲያወርድ፣ ልጅ ከአዋቂዎች ጀርባ ቆሞ ሲያይ የተገኘበት ምስል ነው። ጋምቤላን በሚመለከት እንዲህ ያሉ ምስሎች የሉም ማለት ስሕተት ይሆናል። ችግሩ ያለው ምስሎቹን ባነሡት ሰዎች የጉዞ ወቅት ነው፤ አንዱ ወገን የባሮ ወንዝ ሲሞላ፣ ሌላው ባሮ ሲጎድል ስለመጣ፣ ከተማዋና በዙሪያዋ የሚኖሩት ሕዝቦች በአንድ ምስል ውስጥ ጎን ለጎን የሚታዩበት አጋጣሚ ጥቂት ሆኗል። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከተማዋ አመሠራረት ለዚህ መከፋፈል ዋና ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት መሠረት፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው በጋምቤላ ሲሆን፣ እስከ 1956 ድረስ በሱዳን መንግሥት ሥር ሲተዳደር ቆየ። ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ውኃው በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ከጎሬና ከሳዮ፣ ማለትም ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ በአጋሰስና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በወደቡ እየተከማቸ መርከብ ይጠብቃል፤ በአንጻሩ ጨውና አቡጀዴ ወደ ደጋ ይወጣል። ይህን ንግድ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 ያለውን ዘመን በሚሸፍን ጥናት ገምግመውታል።

የመጀመሪያው ወገን፣ ማለትም የሱዳን አስተዳደር ሹማምንት፣ በካሜራቸው የያዟቸው ምስሎች ዛሬ ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ በ1957 የተቋቋመው የሱዳን መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ ምስል የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከመርከብ ሰገነት ወይም ከወደቡ ዳርቻ በመሆኑ ተመልካቹ ሳያውቀው የተጓዥን ዓይን ይዋሳል። ወንዙ ሰፊ ሆኖ ይታያል፤ ዕቃው ከፊት፣ ሠራተኛው ከኋላ ይቆማል። ክብደት ተሸክሞ የሚራመድ ሰው ለካሜራ ቆም ማለት ስለማይችል፣ በዘመኑ ዘገምተኛ መዝጊያ መልኩ ደብዝዞ እግሩ ብቻ ጎልቶ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። መልኩ የጠፋው ሰው ግን ወደቡን ወደብ ያደረገው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ ማየት ያለበት የምስሉን መካከል ሳይሆን ጠርዙን ነው።

ሁለተኛው ወገን የአንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ የሚያጠናው የትምህርት ዘርፍ፣ ተመራማሪዎች ናቸው። ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በአኝዋ (አኙዋክ) ሕዝብ ዘንድ የቆየው በ1935 ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የአኝዋን የአስተዳደር ሥርዓት የመረመረበት መጽሐፍም በ1940 ታትሟል። ረግረጉ በክረምት እግር ስለማያስገባ የእግር ተጓዥ የሚንቀሳቀሰው ምድሩ ሲደርቅ ነው። በዚህም ምክንያት የእርሱ ዓይነት ምስል ደረቅ ግቢ፣ የሣር ጣራ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ይበዛዋል። ወደቡ የአኝዋ ምድር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ወደቡን የሚያሳዩት ምስሎች የአኝዋን ቤት አያሳዩም፤ የአኝዋን ቤት የሚያሳዩትም ወደቡን አያውቁትም። መንደርተኛው በወደቡ ጨው እንደሚገዛና ጉልበቱን እንደሚሸጥ የሚያስረዳ መረጃ ከሁለቱም ስብስብ መካከል ወድቋል።

በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ያለው ዕውቀት ምን ያህል በባለቤቶቹ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ለማየት አንዲት የጨሌ ዶቃ ትበቃለች። ዲምዊ የሚባለው ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ በአኝዋ ዘንድ ለጥሎሽ የሚከፈል፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወር ሀብት ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ግን ሰማያዊው ከቀይ፣ ዲምዊው ከተራ የገበያ ጨሌ በቀላሉ አይለይም፤ ሁለቱም ግራጫ ነጠብጣብ ሆነው በአንገት ላይ ይቀራሉ። የሙዚየም ባለሙያ በካርዱ ላይ «ሴት ከነዶቃዋ» ብሎ ከመጻፍ ያለፈ ሊሄድ አይችልም። ዶቃው የማን ጥሎሽ እንደነበረና ለማን እንደተላለፈ ሊናገር የሚችለው ያን ሀብት የቆጠረ ቤተሰብ ብቻ ነው።

በኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ የሚታየው «ጋር» የሚባለው ምልክት ደግሞ ተቃራኒ ትምህርት ይሰጣል። ከግንባር መካከል እስከ ጆሮ የሚዘልቁት ስድስት መስመሮች ልጁ ወደ ወንድነት የተሸጋገረበት ሥርዓት ምስክር ናቸው፤ በአንድ ዘመን አብረው የተሸጋገሩትም በስም የሚታወቅ የዕድሜ ጓድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ውስጥ ያለው ሰው የየትኛው ጓድ አባል እንደሆነ ሽማግሌዎች ከለዩ፣ የምስሉን ዘመን በግምት ማስቀመጥ ይቻላል። የውጭ ተመልካች እንደ ጌጥ ወይም እንደ እንግዳ ነገር ያየው ጠባሳ ለአገሬው የዘመን መቁጠሪያ ነው።

ሦስተኛውና እጅግ የተዘነጋው ስብስብ በየቤቱ ያለው ነው። ለመታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በስቱዲዮ መጋረጃ ፊት ተቀምጠው የተነሡት፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀን የተጻፈበት፣ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው ሁሉ የከተማዋ እውነተኛ መዝገብ ነው፤ ምክንያቱም የተነሣው ሰው ራሱ ልብሱንና አቋሙን መርጦ ቆሟል። በዚህ ስብስብ አኝዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም ነጋዴና መምህር በእኩል ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ባላት ሞቃትና እርጥብ ከተማ የፎቶግራፉ ጄላቲን ይለሰልሳል፣ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፤ ምስጥም አልበሙን ይበላል። የሰውም ጥፋት አለበት፤ በታኅሣሥ 2003 በከተማዋ አኝዋዎች ሲገደሉና ቤቶች ሲቃጠሉ ከቤቶቹ ጋር ምን ያህል አልበም እንደነደደ የሚመልስ ቆጠራ የለም።

ለንጽጽር ያህል፣ ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን በ1840ዎቹ በስኮትላንድ ኤደንብራ አቅራቢያ ባለችው የኒውሄቨን የዓሣ አጥማጆች መንደር ያነሧቸው ምስሎች ከፎቶግራፍ ጥበብ የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። ምስሎቹን ሕያው የሚያደርጋቸው የብርሃናቸው ውበት ብቻ አይደለም፤ ከዓሣ ሻጮቹ ሴቶች አንዳንዶቹ በስማቸው ይታወቃሉ፣ ስለዚህም አንዲት ሴት «የስኮትላንድ ዓሣ ሻጭ» ከመባል አልፋ እገሊት ሆና ትኖራለች። የጋምቤላ ምስሎች የጎደላቸው ይኸው ስም ነው፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ የብሔረሰብ ናሙና እንጂ የከተማ ትዝታ አይሆንም።

ስለዚህ ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና ለክልሉ የባህል ቢሮ የሚቀርበው ጥሪ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በደርሃምና በኦክስፎርድ ያሉት ምስሎች ቅጂ ታትሞ ይምጣ፤ የየቤቱ ፎቶግራፍም ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ይገልበጥ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከምስሎቹ ፊት ተቀምጠው የሚሉት በአኝዋ፣ በኑዌርና በአማርኛ ይጻፍ፤ እርቃን ወይም ሐዘን የሚያሳየውን ምስል በአደባባይ ማሳየት አለማሳየትም የቤተሰቡ ውሳኔ ይሁን። ጋምቤላ በ1956 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ስትመለስ በወደቡ ቆሞ ያየ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ወደ ሰማንያ ዓመት ተጠግቷል።