የዣቬር የመጨረሻ ደብዳቤ

ቪክቶር ሁጎ በ1862 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳተመውን፥ በአማርኛም «ምንዱባን» ተብሎ የተተረጎመውን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ የፖሊሱን የዣቬርን ስም አይረሳም። ብዙ ሰው ግን ጨካኝ ብሎ ብቻ ያልፈዋል። ደራሲው ያስቀመጠው ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። ዣቬር ጉቦ አይበላም፤ አይዋሽም፤ በወህኒ ቤት የተወለደ ድሃ ሲሆን ሕግን እንደ ታቦት የሚፈራ ሰው ነው። ጥፋቱ የስግብግብ ሹም ጥፋት አይደለምና ለመመርመር ያስቸግራል።

በረዶ በሚወርድበት በ1823 መጀመሪያ፥ በሞንትሮይ ሱር ሜር ከተማ፥ አንድ ሥራ ፈት ባለጸጋ በድኽነት የወደቀችውን ፋንቲንን በመንገድ ላይ ሲሰድባት ይቆይና በመጨረሻ በረዶ አፍሶ በጀርባዋ ይጨምርባታል። እርስዋም ዘላ ፊቱን በጥፍሯ ትቧጭረዋለች። ዣቬር ደርሶ ሴቲቱን ብቻ ይይዛል፤ ሰውዬው ሹልክ ብሎ ሲሄድ አይፈልገውም፤ ምስክርም አይጠይቅም፤ በጣቢያው ተቀምጦ ራሱ ከሳሽ፥ ራሱ ዳኛ ሆኖ ስድስት ወር እስራት ይፈርድባታል። ከንቲባው ማድሌን ሕዝቡን ጠይቆ እውነቱን ስለ ደረሰበት፥ የሕጉን አንቀጽ ጠቅሶ ያስለቅቃታል።

ዣቬር በዚህ ተቈጥቶ ከንቲባው ከእስር የወጣ ወንጀለኛ ነው ሲል ወደ ፓሪስ ይጽፋል። ክሱ ሐሰት መስሎ በታየው ጊዜ ግን ወደ ከንቲባው ገብቶ ከሥራው እንዲሻር ይለምናል። ክፍሉ ልብ ይነካል። ዳሩ ግን በሰሙ ተደስቶ ወርቁን የሚረሳ አንባቢ ይሳሳታል፤ ዣቬር የተጸጸተው አለቃውን ስለ ተጠራጠረ ነው እንጂ በፋንቲን ላይ ያለ ምስክር ስለ ፈረደ አይደለም። ለእርስዋ አንድ የጸጸት ቃል የለውም። ተጠያቂነቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ተበደለው ግን አይወርድም።

በ1832 በሰኔ መባቻ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሕይወቱን ያዳነለትን ዣን ቫልዣን ሳይዝ ከለቀቀ በኋላ፥ ዣቬር ሌሊት ወደ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ለፓሪስ ፖሊስ አዛዥ አሥር ነጥብ ያለው ደብዳቤ ይጽፋል። እስረኞች ሲፈተሹ በባዶ እግራቸው በድንጋይ ወለል ላይ መቆማቸውን፥ ብዙዎቹም ሲመለሱ ማሳላቸውን፤ ጠያቂ የመጣለትን እስረኛ የሚጠራው እስረኛ ስሙን አጥርቶ ለመጥራት ሁለት ሱ ማስከፈሉን፤ በሽመናው ክፍል አንድ ክር ላመለጠው አሥር ሱ መቀነሱን ይዘረዝራል። ስለ ሳሉ ሲናገር እንኳ የሚያመለክተው የሕሙማን ቤት ወጪ መብዛቱን ነው፤ በርኅራኄ መናገር አልለመደምና። ስለ ፓሪስ የቆሻሻ ቦይ ብዙ ገጽ የጻፈው ሁጎ በዚህ ስፍራ ቃሉን መቆጠቡ የሚያስመሰግነው ነው።

ዣቬር ፈርሞ ወጣ፤ ራሱንም ወደ ወንዙ ጣለ። ጋዜጣው በአለቆቹ ዘንድ የተከበረ፥ ነቀፋ የሌለበት ሰው እንደ ነበረ፥ ትቶት የሄደው ጽሕፈት ግን አእምሮው መታወኩን እንደሚያስገምት አወራ። የእስረኞችን በደል የጻፈበት ወረቀት የእብደት ማስረጃ ሆነበት! ፋንቲንን ባሰረበት ቀን ግን አእምሮው ታውኳል ያለው አልነበረም።

ነገሩ በልብ ወለድ ብቻ አልቀረም። በፈረንሳይ አገር ዛሬም ብሔራዊውን ፖሊስ የሚመረምረው ጠቅላይ መምሪያ በዚያው በፖሊስ አስተዳደር ሥር ነው። ከውጭ ሆኖ የሕዝብን አቤቱታ የሚቀበል የመብት ተከላካይ በ2011 ዓ.ም. ቢቋቋምም፥ የቅጣት ክስ እንዲጀመር ይጠይቃል እንጂ ራሱ አይቀጣም፤ አቤቱታው ዞሮ በዣቬር አለቃ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ሁጎም በአንድ ነገር ይወቀሳል። ዣቬርን ከገደለው በኋላ ታሪኩን ፈጥኖ ወደ ኮዜት ሠርግ ያዞረዋል፤ አዛዡ በደብዳቤው ምን እንዳደረገበት፥ እስረኞቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ መፈተሽ ተፈቅዶላቸው እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ሱም መከፈሉ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ አይናገርም።