አምባሰል፣ ጃፓንና «ማኅደረ ብርሃን»

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ፣ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ አዝማሪው አምባሰልን በማሲንቆ ይገዘግዘዋል። አብሮኝ የነበረ የክፍል ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ አንድ የጃፓን ዜማ አሰማን። አዝማሪው እጁን አቆመና «አባዋ፣ ይኼማ የኛ ነው፤ ማን ወሰደው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ነገሩ ከጨዋታም ያልፋል። አምባሰል ከዶ ቢነሣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይላል። ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ቅኝትም እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ይዟል። ጓደኛዬ ታዲያ «ጥቁርና እስያዊ ሳይተዋወቁ የተዛመዱ ሕዝቦች ናቸው» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት ሰበከን። ስብከቱ ግን ለኔ አዲስ አይደለም። በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» አንብቤዋለሁ። ሂሴም በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው።

ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ጃፓንን ጎበኙ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ታተመ። የሚገባውን ልስጠው፤ ሥልጣኔ ከአውሮፓ ብቻ ይመጣል በሚባልበት ዘመን ዓይንን ወደ እስያ ማዞር ድፍረት ነበር። በ1897 ጃፓን ሩሲያን ማሸነፏ ለአድዋ ልጆች ምን ያህል እንደሚጥም መገመት አያቅትም።

ችግሩ የማመሳሰያው ሚዛን ነው። ረጅም የነገሥታት ሐረግ እዚህም እዚያም፤ የፖርቱጋሎች መምጣትና መባረር እዚህም እዚያም። እሺ፣ የተመሳሰለው ማን ነው? ዙፋን ከዙፋን ጋር! የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ከጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ቀድቶ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ትቶታል። የአምባሰል ገባርና የጃፓን ጭሰኛ በዚህ ሚዛን ላይ አልወጡም። ከሁሉ የከፋው ግን የቀኑ ነገር ነው። የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር የጀመረው መስከረም 7 ቀን 1924 ነበር፤ ኅሩይም የሄዱት በዚያው መጸው ነው። ኮሪያ ከ1902 ጀምሮ ተውጣለች። ለእንግዳው ማኅደረ ብርሃን የሆነችው አገር ለቻይናውና ለኮሪያው እሳት ነበረች።

ወዳጅነቱ እስከ ጋብቻ ደርሶ ነበር። ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገቡ ታስቦ ኩሮዳ ማሳኮ ታጨች፤ ጋዜጣው ሁሉ ሲያወራ ከርሞ በ1926 ቀረ። በሐምሌ 1927 ደግሞ የጃፓን አምባሳደር ሮም ላይ «በኢትዮጵያ ፖለቲካዊ ጥቅም የለንም» ብሎ ለሙሶሊኒ አረጋገጠ። እርግጥ አያሌ ጃፓናውያን በዚህ ተቆጡ፤ ሕዝብና መንግሥት አንድ እንዳልሆኑ ያየነው ያኔ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በቦምብ ነደደች። ቅድመ አያቴ ከዚያ እሳት ሸሽታ ሐይቅ የገባች ናት፤ እኔ የሐይቅ ልጅ የሆንኩት በዚህ ነው።

በ1929 ጣሊያን የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ ልታውቅ፣ ጃፓንም የጣሊያንን የኢትዮጵያ ይዞታ ልታውቅ ተስማሙ። አንዱ ወረራ በሌላው ተመነዘረ ማለት ነው። ውጫሌ እኮ አምባሰል ውስጥ ናት! በ1881 አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ያነበበ አገር ልጅ የወዳጅን ፊርማ ሁለት ጊዜ ማየት ነበረበት። የሚገርመው በ1946 ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው እንደገና ወደዚያው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተማሪዎች «ፋኖ ተሰማራ»ን ሲዘምሩ የሆ ቺ ሚንን ስም አነሡ። ይኼኛው ዝምድና በዙፋንም በመልክም ሳይሆን በትግል ነው፤ እኔም ከኅሩይ ይልቅ ወደነሱ አዘነብላለሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1943፣ ከዚችው አገር ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ወርዶ ከቻይና ጦር ጋር ተታኩሷል። ግን እውነቱን እንነጋገርና፣ ከዘማሪዎቹ ስንቱ የቬትናምን ገበሬ ኑሮ ያውቅ ነበር? ማንቹሪያን ያላየው ዓይን እነሱም ዘንድ ሳይኖር አይቀርም።

ወደ ጠጅ ቤቱ ልመለስ። አዝማሪው ዜማውን እንደገና አስከፍቶ ማሲንቆውን ሊያስከትል ሞከረ። ቅኝቱ ገጠመ፤ አካሄዱ ግን አልያዝ አለው። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተወና «ሰውዬው የሚያዝንበት ቦታ ሌላ ነው» አለን። ከዚያ ጠጁን ጎንጨት አድርጎ የራሱን ቀጠለ።