ቀደር፣ ዕድል እና ዲተርሚኒዝም፦ ከእንጦጦ ማገዶ የተነሣ ሒስ

በአማርኛ የዐቂዳና የፍልስፍና ጽሑፎች «ዲተርሚኒዝም» የሚለው ቃል አንዴ «ቀደር»፣ አንዴ «ዕድል»፣ አንዴም «ዕጣ ፈንታ» እየተባለ ሲተረጎም እናያለን። ይህ አተረጓጎም የተለያዩ ሐሳቦችን አንድ ያደርጋል። ጉዳቱም በቃል ምርጫ አያበቃም፤ ተጠያቂነትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ዲተርሚኒዝም፣ የቀደመው ሁኔታና የተፈጥሮ ሕግጋት ተሟልተው ሲገኙ ተከታዩ ክስተት ከአንድ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም የሚል አቋም ነው። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1814 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የዓለምን ሁኔታ በአንድ ቅጽበት አሟልቶ ለሚያውቅ አእምሮ ያለፈውም የሚመጣውም የተገለጠ ይሆናል። ፋታሊዝም ግን ሰው ምንም ቢያደርግ መጨረሻው አይለወጥም ይላል። በመጀመሪያው የሰው ሥራ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ በሁለተኛው ከንቱ ነው። ቀደር ደግሞ የአላህን ዕውቀት፣ ጽሕፈት፣ ፈቃድና ፍጥረት የሚመለከት እምነት እንጂ የቁስ አካል ሕግ ስም አይደለም።

ልዩነቱን የከተማችን ታሪክ ያሳየናል። የአፄ ምኒልክ መናገሻ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናመነ። ንጉሠ ነገሥቱም መናገሻቸውን ለማዛወር አስበው በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ሆኖም በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶውን ተካ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። «እንጨት ካለቀ ከተማ ይፈልሳል» የሚለው ሕግ በዚህ አልተሻረም፤ «ካለቀ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን በተከለ እጅ ተለወጠ። ፋታሊስቱ ሊያስረዳን የማይችለው ይህንን ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ በ488 ዓመተ ሂጅራ በፈጸሙት «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» አሥራ ሰባተኛ ጉዳይ፣ እሳት ጥጥን ሲነካ መቃጠሉ በራሱ ግድ የሆነ ትስስር እንዳልሆነ ይሞግታሉ። ብዙዎች ይህንን የምክንያትን ሥርዓት እንደ መካድ ያነቡታል። እኛ ግን ኢማሙ የካዱት ግድነቱን እንጂ ልማዱን አይደለም እንላለን። ቤቱ መጽሐፍ ትቶ የወጣ ሰው መጽሐፉ ፈረስ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ አይሰጋም፤ የነገሮች ልማድ እንደሚቀጥል አላህ በልቡ ዕውቀት ፈጥሮለታልና። ስለዚህ ገዛሊ ላፕላስንም ጀብሪያዎችንም አይመስሉም።

ይህን ስንል የአሽዐሪያን መንገድ ከሒስ ነፃ አናደርገውም። የሰው ችሎታ በድርጊቱ ላይ የራሱ ተፅዕኖ ከሌለው፣ «ከስብ» የሚለው ቃል ተጠያቂነትን በምን እንደሚያጸና አጥጋቢ መልስ አይገኝም። ኢብን ሩሽድም ምክንያትን የሻረ ዕውቀትን ይሽራል ሲሉ በገዛሊ ላይ የሰነዘሩት ተቃውሞ በቀላሉ አይታለፍም። ለሰው ምርጫ ሰፋ ያለ ስፍራ የሚሰጠው የማቱሪዲያ መንገድ በዚህ ረገድ የተሻለ መነሻ ይመስለናል።

ለችግሩ ግልጽ ምሳሌ የምናገኘው ከኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ነው። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንምን ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ፤ ግመሎቹን ከለምለሙም ከደረቁም የሸለቆ ዳር የሚያሰማራ እረኛ በሁለቱም ከቀደር እንደማይወጣ አስረዱ። ዲተርሚኒስቱ የዑመር ምርጫም በቀደመ ምክንያት ተወስኗል ሊል ይችላል። ይሁን፤ መመካከራቸውና መመለሳቸው ግን ከዚያው ሰንሰለት ውስጥ የሚሠራ ቀለበት እንጂ ትርፍ ነገር አልነበረም።

ዛሬም ከእንጦጦ ወደ የካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸካሚዋ «ዕድሌ ነው» ብትል የትዕግሥቷ ቃል ነውና አንነቅፋትም። ጀርባዋን ያጎበጠውን ድህነት ማቅለል የሚችል ሰው ያንኑ ቃል ሲደግመው ግን ቀደርን ለራሱ ቸልተኝነት መሸፈኛ አድርጓል። በቀደር ማመን በደረሰው መታገሥን ያስተምራል፤ ገና ባልደረሰው ላይ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አያስተምርም። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን «ዲተርሚኒዝም»ን በድምፁ ጽፈው በአማርኛ ቢያብራሩት፣ «ቀደር»ንም ለዐቂዳው ቢተዉት ይበጃል እንላለን።

ወላሁ አዕለም።